የጢኒጥ ስፖኪዮ

ሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። በዕድሜው አንቱ መባል ይገባው ነበር፤ እሱ ግን አንቱታ አይወድም። «አንቱ ስትሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ» ይላል። እንግዲህ ባለቤቱ ካልወደደው እኛ ምን አግብቶን፣ እሱ እያልን እንቀጥላለን።

ጆሮ ያሰኘው አሠራሩ ነው። የታመመ መኪና ሲመጣለት ለመፍታት አይቸኩልም። ሞተሩን ያስነሳና ረጅሙን ካቻቪቴ ይመዛል። የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለመኪናው ላብ በላብ እስኪሆን ድረስ ዝም ነው። ከዚያ «ሦስተኛው ቫልቭ» ይላል፣ ወይም «የውኃ ፓምፑ ኩሽኔታ አልቋል» ይላል፤ ሲፈታ የተባለው ነገር የተባለው ቦታ ላይ ይገኛል። ሠላሳ ዓመት በገዛ ግቢው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ላይ እየተንበረከከ እንዲህ ሠርቶ ኖረ። የመፍቻ ቁልፎቹ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል። አሥር ቁጥሩ ብቻ እዚያ የለም። እሱ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው፣ የባትሪ ገመድ የሚፈታው በእሱ ነዋ።

የባትሪው ነገር ደግሞ ሁለተኛው ዝናው ነበር። መኪና ያለ ምክንያት አልነሳ ሲል፣ መብራት እያበራ ሲያስቸግር፣ ጋሽ ጆሮ አንድ መድኃኒት አለው። «ባትሪዋን ፍታና አሥር ደቂቃ አሳርፋት። እሷም ሰው ናት፣ ይደክማታል።» ስንቱን ሾፌር በስልክ ብቻ እንዲህ ብሎ ከመንገድ ላይ አስነስቷል! ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ጉዱ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ ልጅ ነበረችው። ቁመቷ አጭር ስለነበር ገና በሕፃንነቷ «ጢኒጥ» አላት፤ አድጋ፣ ተምራ፣ ነጭ ገዋን ለብሳ መድኃኒት ቤት ስትቆም እንኳ ስሙ አለቀቃትም። እሷም አትቆጣም። «ጢኒጥ ብትሉኝም ከመደርደሪያው በላይ እታያለሁ» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ከመደርደሪያው ኋላ ዱካ ነበራታ።

ጢኒጥ መኪና የገዛች ዕለት ጋሽ ጆሮ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ያገለገለች ናት፣ ግን ዘመናዊ። ቁልፍ የላትም፤ ቁልፉ የሚባለው ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ጥቁር ነገር ነው። ፍሬን ረግጠው አንድ ክብ ነገር ሲጫኑ ትነሳለች። እሱም ካቻቪቴውን ይዞ ኮፈኑን ከፈተ። የጠበቀው ሞተር ነበር፤ ያገኘው ግን ዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ጥቁር ፕላስቲክ ነው።

«ሞተሩ የታለ?» አለ።

«ከሥሩ ነው አባዬ፣ ተሸፍኖ ነው» አለች።

«ሞተር ምን ነውር ሠርቶ ይሸፈናል?»

እናትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ግን ካቻቪቴውን ፕላስቲኩ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ምንም አልሰማ። ለካ ዘመኑ ጆሮውን ጥሎት ሄዷል። ያኔም ደንበኞቹ አንድ በአንድ እየቀነሱ ነበር። አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ የሚሄደው መንገድ ዳር ወዳለው ወደ «ኮምፒዩተሯ» ጋራዥ ነው። ኮምፒዩተሯ የምትባለው የቀድሞ ደንበኛው ልጅ ናት፤ መሣሪያ ሰክታ የመኪናውን ሕመም ስክሪን ላይ ታነባለች። ጋሽ ጆሮን ስታገኘው ከመቀመጫዋ ተነስታ ጋሼ እያለች ሰላም ትለዋለች። እሱ ግን በጋራዧ በር ሲያልፍ ጫማውን እያየ ነው የሚያልፈው።

ወደ ጢኒጥ መኪና እንመለስ። የሾፌሩ በር ላይ አንድ እና ሁለት የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ጢኒጥ አንድ ቁጥርን ለራሷ አድርጋዋለች። ስትጫነው ወንበሩ እዝዝዝ እያለ ወደፊት ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ ሁለቱ ስፖኪዮዎች ደግሞ እሷ ወደምታይበት ይዞራሉ። መኪናዋን ስታጠፋ ወንበሩ ለመውረድ እንዲመቻት ወደኋላ ይሸሻል፣ ስፖኪዮዎቹም ቀና ይላሉ። ሁለት ቁጥር ባዶ ነበር።

«ና ተቀመጥ አባዬ፣ ሁለት ቁጥርን ላንተ ላድርግልህ። አንዴ ከተቀመጥክ አትረሳህም።»

«እኔ ወንበር በእጄ ስቤ የምቀመጥ ሰው ነኝ፣ ቁጥር አልሻም።»

ስንት ጊዜ ለመነችው! ስንት ጊዜ! አንድም ቀን እዚያ ወንበር ላይ ሳይቀመጥላት ቀረ። ምን እንደከበደው እንጃ። በእርግጥ ሁለቱ የሚጣሉበት ሌላም ነገር ነበራቸው፣ ስፖኪዮው። ጢኒጥ ስፖኪዮዎቿን ወደታች ደፍታ ነው የምትነዳው፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ሳይሆን የራሷ የኋላ ጎማ ነው የሚታያት።

«አንቺ ልጅ፣ መንገዱን ነው የምታዪው ጎማሽን?»

«ጎማዬን ካላየሁ ልቤ አያርፍም አባዬ። ጠርዝ ይነካብኛል።»

«ከኋላ የመጣ መኪናስ?»

«እሱ እኔን ይየኝ!»

እናቷ ከጎን ተቀምጣ በሁለቱ ትስቃለች። በትርፍ ቀኗ እናቷን ይዛ መዞር ትወድ ነበር፤ የእናትየው ቦታ ያ የጎን ወንበር ነው።

አንድ ቀን ጢኒጥ ከሥራ ስትመለስ «ራሴን አሞኛል» ብላ መኪናዋን ከጥላው ሥር አቆመች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ኋላዋን ወደ ግቢው በር አድርጋ። ገብታ ተኛች። ከዚያ በኋላ ያቺን መኪና አልነዳቻትም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሆስፒታል አስከሬኗ ወጣ። እኔ ከዚህ በላይ ስለዚያ ሦስት ሳምንት አላወራም፤ የወላጅ ነገር ነው፣ ይቅር።

ለቀስተኛው ሲበተን ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶ ቤት ውስጥ ተፋጠጡ። ሚስቱ እህል መቅመስ ተወች፤ ከአልጋ መነሳትም ተወች። ጋሽ ጆሮ ጉርሻ ይዞ ቢለምናትም እምቢ አለች። አንድ ጠዋት ግን ከአልጋ ሲያጣት ደንግጦ ወደ ግቢ ወጣ። ሚስቱ የሾፌሩን በር ከፍታ ቆማለች። አንድ ቁጥርን ተጫነች። ወንበሩ እዝዝዝ ብሎ ወደፊት መጣ፣ ከፍ አለ፤ ስፖኪዮዎቹ ዝቅ ብለው ዞሩ። ሚስቱ በሩን በቀስታ ዘግታ ዞረችና ከጎን ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች።

«እንዴት አደርሽ የኔ እናት» ስትል ሰማት።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ ነው። ፊቷን ትታጠባለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ መኪና ውስጥ ገብታ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች፤ ወጥታ ቁርስ ትበላለች። አዎ፣ መብላት ጀመረች! ያ ወንበር የልጇን ቁመት ያውቃል፣ የክንዷን ርዝመት ያውቃል፤ ባዶ ሆኖም ልጅቱን በልኳ ይዞ ይጠብቃታል። ጋሽ ጆሮ እያየ እንዳላየ ያልፋል። በልቡ ግን፣ ይቺ መኪና ከቆመች ሚስቴም ትቆማለች፣ ይላል። በየሦስት ቀኑ በተሳፋሪው በር በኩል ተዘርግቶ ገብቶ ፍሬኑን በእጁ እየተጫነ ያስነሳታል፤ ባትሪዋ እንዳይሞት። በጢኒጥ ወንበር የሚቀመጥ ሰው የለም። ያንን ማንም ሕግ ብሎ አልተናገረም፤ ሁለቱም ግን ያውቁታል።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ።

ከዚያ መኪናዋ መታመም ጀመረች። መጀመሪያ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። በማግስቱ ሌላ። ሳምንት ሳይሞላ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ በመብራት ተጥለቀለቀ፤ የፍሬን ነው፣ የመሪ ነው፣ የአየር ከረጢት ነው፣ የማያውቀው ሥዕል ነው። አንዳንድ ቀን ትነሳለች፣ አንዳንድ ቀን ቀጭ ብላ ዝም። ጋሽ ጆሮ ካቻቪቴውን ይዞ ቢዞራት፣ ቢዞራት፣ የሚሰማው ነገር የለም። ፕላስቲኩን ሊያነሳ ሲል የተደበቁት መያዣዎች በእጁ ላይ ተሰበሩ። ከሥሩ ያገኘው ሽቦ ብቻ ነው፤ ሽቦ በሽቦ ላይ፣ እያንዳንዱ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ የሚገባ። ሳጥኑን የሚፈታ ቁልፍ እሱ ግድግዳ ላይ የለም። ኧረ እነዚህ የፋብሪካ ሰዎችስ! ሰው በቤቱ የገዛ ንብረቱን እንዳይነካ ምን ያህል ቢጨነቁ ነው?

ጎረቤቱ ባለ ታክሲ ኮድ የምታነብ ትንሽ መሣሪያ አዋሰው። ሰካት። መሣሪያዋም አሥራ ሰባት ቁጥር ደረደረችለት። መነጽሩን አድርጎ አሥራ ሰባቱንም ወረቀት ላይ ገለበጠና ኩራቱን ውጦ ለኮምፒዩተሯ ደወለ።

«ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ነገር በአንዴ አይበላሽም» አለችው። «ከሥር አንድ ነገር ነው ሁሉንም የሚያሳብዳቸው። ይዘሃት ና፣ ወዲያው አያታለሁ።»

«አትመጣም።»

«አልነሳ ካለች ጎታች እልካለሁ።»

«አትወጣም አልኩሽ ልጄ። ሚስቴ ከግቢ አታስወጣትም። ወንበሩ ላይ ሰው እንዲቀመጥ አትፈልግም።»

ኮምፒዩተሯ ጎታቹን ተወችው። ጢኒጥን ታውቃታለች፣ መድኃኒት የምትገዛው ከእሷ ነበር። «በቃ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ። መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ ጋሼ። እስከዚያ ምንም አትንካ፣ እሺ?»

«እሺ» አለ።

ይህ የሆነው ሰኞ ነው። ቅዳሜ እስኪደርስ መጠበቅ ምን ይከብዳል? ግን ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ እንደልማዷ አንድ ቁጥርን ስትጫን ወንበሩ ማቃሰት ጀመረ። ትንሽ ተጎተተ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሚስቱ ደጋግማ ተጫነች። ከዚያ በሩን እንደያዘች ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፤ ያን ፊት ጋሽ ጆሮ የሚያውቀው ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነችብኝ?»

«ምንም አልሆነችም። ደክሟት ነው። አድናታለሁ።»

«ሙች በለኝ።»

«አንቺን ይንሳኝ።»

ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ራትም አልበላች። ሐሙስ ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ሲያያት ጋሽ ጆሮ አልቻለም። ቅዳሜ ሩቅ ሆነበት። ወደ ግቢ ወጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ እጁ ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ኪሱ ገባና አሥር ቁጥሩን አወጣ። ዕድሜ ልኩን ያደረገውን አደረገ። የባትሪዋን ገመድ ፈትቶ ወደ ጎን አስቀመጠና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«እረፊ፣ እረፊ እስቲ» አላት፤ ለመኪናዋ።

አሥር ደቂቃ ጠብቆ ገመዱን መልሶ አሰረ። መብራቶቹ በከፊል ጠፉ። ደስ አለው! ወንበሩን በዳሩ ባለው ማንሻ ሲሞክረው ወደፊትም ወደኋላም ሄደለት። እየሮጠ ሚስቱን ሊጠራ ነበር። ግን መጀመሪያ ልይ ብሎ አንድ ቁጥርን ተጫነ።

ምንም።

ደግሞ ተጫነ። ሁለት ቁጥርን ተጫነ፣ አንድን ተጫነ፣ አውራ ጣቱ እስኪቀላ ተጫነ። ወንበሩ ፍንክች አላለም። ስፖኪዮዎቹ ቀና ብለው ወደኋላ፣ ወደ ግቢው በር እያዩ ቀሩ። ምን እንዳደረገ የገባው ቀስ እያለ ነው፤ ሲገባው ግን ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ልጁን በገዛ እጁ ከዚያ ወንበር ላይ አስነስቷት ነበር።

ለሚስቱ «ቅዳሜ ትድናለች፣ እስከዚያ እንዳትነኪያት» አላት። ዓይኗን ሳያይ ነው ያላት።

ቅዳሜ ኮምፒዩተሯ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ማንም ሳይነግራት በሾፌሩ በር ገብታ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ በተሳፋሪው በኩል ተንበርክካ መሣሪያዋን ሰካች። ስክሪኑን አየች፣ ተነሳች፣ ባትሪው ሥር ያለውን አንድ ክዳን አንስታ በባትሪ መብራት አበራችና «ይኸው» አለች። ከባትሪው ወጥቶ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ጥቁሩ ሽቦ፣ የማሳ ሽቦው፣ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ፈታችው፣ በብረት ብሩሽ ፈገፈገችው፣ መልሳ አጠበቀችው። ሩብ ሰዓትም አልፈጀባት። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች፣ መብራቶቹም ጠፉ።

ጋሽ ጆሮ ሽቦውን እያየ ቆመ። ድሮ ቢሆን፣ በድሮ መኪና ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር። ማሳ የላላበት መኪና ስንት አስነስቷል! እዚህ ግን ኮምፒዩተር ነው ብሎ ፈራ፤ የማውቀው ነገር እዚህ ውስጥ የለም ብሎ የሚያውቀውን ሳያይ ቀረ። ይህ ነው ያበሸቀው፤ በሽታው የራሱ ዘመን በሽታ ነበር።

«ልጄ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቱ በመስኮት እንዳትሰማ። «ወንበሩ የሚያስታውሰው ነገር... ቢጠፋ ይመለሳል?»

ኮምፒዩተሯ ከኪሱ ብቅ ያለውን አሥር ቁጥር አየች፣ ፊቱን አየች። ገባት።

«አይመለስም ጋሼ። በእሷ መኪና ባትሪው ሲፈታ ይጠፋል። እኛ ስንፈታ ሌላ ትንሽ ባትሪ በጎን አስረን ነው፣ መኪናዋ እንዳትረሳ።»

«ትንሽ ባትሪ» አለ። ሦስት እንዲህ ያለ ባትሪ መደርደሪያው ላይ ነበረው።

«አዲስ ማስቀመጥ ግን ቀላል ነው» አለች ፈጥና፣ ልቡ እንዳይሰበር። ወንበሩን በማንሻው ልክ ማድረግ፣ ስፖኪዮውን ማስተካከል፣ ከዚያ ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለውን «አስቀምጥ» የሚለውን ተጭኖ አንድ ቁጥርን መጫን። መኪናዋ ጢው ትላለች፣ አለቀ። ሁለቴ አሳየችው። ስትወጣ እጁን ጨብጣ ያዘችው።

ብቻውን ቀረ። ጢኒጥ ምን ያህል ወደፊት ትቀመጥ ነበር? የቫልቭ ክፍተት በፀጉር ቅጥነት የሚለካ ሰው፣ የልጁን ወንበር አንድ ቀን እንኳ በስንዝር አልለካም። በሩን ከፍቶ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መሪውን ስትይዝ፣ አንገቷን አስግጋ ስትስቅ እያሰበ ወንበሩን ወደፊት አመጣ፣ መለሰ፣ ከፍ አደረገ። ሲመሽበት «ይሁን» አለ። ስፖኪዮዎቹን አስተካከለ። ተጫነ። ጢው አለች።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ወጣች። እሱ በር ላይ ቆሞ ያያታል። አንድ ቁጥርን ተጫነች፤ ወንበሩ እዝዝዝ ብሎ መጣ። ስፖኪዮዎቹ ዞሩ። ሚስቱ ዞራ ገብታ ተቀመጠች። «እንዴት አደርሽ የኔ እናት» አላለችም፣ ወይም እሱ አልሰማ ይሆናል። ስትወጣ በአጠገቡ አለፈችና ክንዱን ዳበስ አደረገችው።

«እጅህን ይባርከው» አለችው።

ወይ ምርቃት! እርግማን እንኳ እንዲህ አያቃጥልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ጆሮ ጋሽ ጆሮ መሆኑ ቀረ። አሥር ቁጥሩን ከኪሱ አውጥቶ ከሌሎቹ ጋር ግድግዳው ላይ ሰቀለው። የቀሩት ጥቂት ደንበኞች ሲመጡ «አሞኛል» እያለ ይመልሳቸዋል። ሚስቱን ግን ይከታተላል። ግማሽ ሰዓቷ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ሃያው አሥር ሆነ። ቁርሷን ትቀምስና ትተዋለች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነው። አወቀችብኝ ይላል፤ ደግሞ ምን ታውቃለች፣ ወንበሩ ያው ወንበር ነው ይላል። እሷም ምንም አትልም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተሸክመው ወር ሙሉ እንዲህ ተሸሸጉ።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ከመኪናዋ ሳትወጣ ሄዶ በመስኮቱ በኩል ቆመ። መስታወቱን አወረደችለት።

«እሜቴ» አላት፤ ሊያሾፍባት ሲፈልግ ብቻ የሚጠራት ስም ነበር፣ አሁን ግን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። «እኔ ባትሪዋን ፈትቼ... የጢኒጥን አጠፋሁት። ይሄ እሷ ያስቀመጠችው አይደለም። እኔ ነኝ በግምት ያስቀመጥኩት።»

«አውቃለሁ» አለች።

«መቼ አወቅሽ?»

«ያን እሑድ።»

«ወንበሩ ራቀ? ቀረበ?»

«ወንበሩን እንጃ። እኔም አልለካሁትም።» በጣቷ በመስኮቱ በኩል ወደ ስፖኪዮው ጠቆመች። «እሱን አስተካክለህ አስቀመጥከው። እሷ መቼ አስተካክላ ታውቃለች?»

ጋሽ ጆሮ ስፖኪዮውን አየ። ሠላሳ ዓመት መኪና የነካ እጅ፣ ሳያስበው፣ ስፖኪዮን መቀመጥ በሚገባው ልክ አስቀምጦታል። በሕይወት ሳለች በተጣላት ነገር ከሞተች በኋላ አሸንፏታል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? ሐሙስ ሲሚንቶው ላይ ስትቀመጥ በመስኮት አይቼሃለሁ። ልጄን ቀበርኩ፤ አንተን ደግሞ በቁምህ ልቅበርህ?» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ድሮ እዚህ ስቀመጥ የሚታየኝ ጎማዋ ነበር። ጎማዋና መሬቱ። ልክ አቁማት የወረደች ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚያሳየኝ በሩን ነው። በየጠዋቱ ቁጭ ብዬ በሩን አያለሁ። አይከፈትም እኮ፣ አንተ ሰውዬ። አይከፈትም።»

እሱም አለቀሰ። በቀብሯ ዕለት ወንዶቹ ከበውት አላለቀሰም ነበር፤ አሁን ግንባሩን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሚስቱ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«ዙርና ግባ» አለችው።

«የት?»

«እሷ ቦታ።»

እግሩ እየተጎተተ ዞረ። በሩን ከፍቶ ቆመ፣ ሚስቱን አየ፣ ገባ። ጢኒጥ ይሆናታል ብሎ የገመተው ወንበር ጉልበቱን ከመሪው ጋር አጣበቀው። ማንሻውን ያዘና መልሶ ለቀቀው።

«ብነካው የእሷ ይጠፋል።»

«ጠፍቷል» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ቁጥርን ከእንግዲህ አንነካውም። የተሳሳተም ቢሆን የእሷ ነው። አንተ ሁለት ቁጥር ነህ። ስንት ጊዜ ለመነችህ?»

ወንበሩን ወደኋላ ሳበው። መሪው ከጉልበቱ ራቀ። ከዚያ ስፖኪዮውን በምታዞረው ትንሽ ነገር ላይ ጣቱን አኖረ።

«ጎማው ሲታይሽ ንገሪኝ።»

«ዝቅ... ዝቅ አድርገው... ትንሽ ዝቅ።»

«እዚህ ነው የነበረው?»

«አላስታውስም» አለች። «ግን ጎማው ይታየኛል።»

«አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነ፣ ቀጥሎ ሁለት ቁጥርን። መኪናዋ ጢው አለች። ጋሽ ጆሮ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከጢኒጥ በኋላ ያን መሪ ሰው ሲይዘው የመጀመሪያው ነበር።

«ይኸው ተቀመጥኩልሽ» አለ። ከጎኑ ያለችው ሚስቱ ለማን እንዳለ ታውቃለች። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ እስክትወጣ ድረስ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ።